ቢጫዋ ካሴት አዲሱ ማሽን ላይ አልነሳ አለች

የፍራንኮ ልጅ (አዳማ) — ቅዳሜ ማታ 2፡40

እንደምን አመሻችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ለፋሲካ ታላቅ ወንድሜ ከውጭ መጥቶ ነበር። ሻንጣው ውስጥ ከጫማና ከሽቶ መሐል አንድ ጥቁር ማሽን አገኘሁ። የድሮ የጌም ካሴት የሚያጫውቱ አዳዲስ ማሽኖች አሉ አይደል? ከእነሱ አንዱ ነው። የፋሚኮም (የኒንቴንዶ የድሮው ማሽን)፣ የሱፐር ኒንቴንዶ፣ የሴጋ፣ ሁሉም መክተቻ አንድ ላይ አለው። በኤችዲኤምአይ ፍላት ስክሪን ላይ ትሰካውና አለቀ። ስሙን አልጠራም። የማንንም ገበያ መዝጋት አልፈልግም።

እናታችን ቤት ቁም ሳጥን ላይ ደግሞ አንድ የብስኩት ካርቶን አለ። እናቴ በየዓመቱ ልትጥለው ትነሳለች፣ እኔ በየዓመቱ «ይቆይ» እላለሁ። ዘንድሮ ወረደ። 11 ካሴት፣ 2 ጆይስቲክ (የአንዱን ገመድ አይጥ በልቶታል)፣ 1 የጌም ሽጉጥ። ማሽኑ ራሱ የለም። ድሮ ለአጎታችን ልጅ አውሰነው በዚያው ቀርቷል።

መጀመሪያ ያስገባነው ቢጫዋን ነው። ታውቋታላችሁ። ላይዋ ላይ «9999999 በ1» የሚል የተለጠፈባት። ማሽኑ ትንሽ አሰበና «ካሴቱ አልታወቀም» አለ። አውጥተን ነፋናት። አልታወቀም። ወንድሜ ነፋ፣ እኔ ነፋሁ። የወንድሜ ልጅ 8 ዓመቱ ነው፣ ቆሞ ሲያየን ቆየና «ለምንድነው የምትነፉት?» አለ። ሁለታችንም መልስ አጣን።

በስንተኛው ሜኑው መጣ። ያ ሙዚቃ! ወንድሜ ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ አላጋነንኩም። ከዚያ ኮንትራን መረጥኩ። ጥቁር። ማሪዮን መረጥኩ። ጥቁር። ተስፋ ቆርጠን ነጠላዋን ማሪዮ 3 ስናስገባ እሷ በአንዴ ተነሳች። ይኼ ነው የገረመኝ።

ቢጫዋ ሞታ ነው? ወይስ ማሽኑ ነው?


ኮንትራ በ30 ሂወት — ቅዳሜ ማታ 2፡52

በደንብ አልነፋችኋትም። ከግራ ወደ ቀኝ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ምራቅ ሳይነካት።


ጋሪ ነጂው (አዳማ) — ቅዳሜ ማታ 3፡05

ደምበላ እኛ ሰፈር ለመንፋት ብቻ የሚጠራ ልጅ ነበር። ሳንቲም የለውም፣ አይጫወትም። ጌም ቤቱ በር ላይ ቁጭ ብሎ ያያል። ካሴት ሲያስቸግር ባለቤቱ «ና እስቲ» ይለዋል። ይነፋል፣ ይነሳል፣ አንድ ዙር በነፃ ይሰጠዋል። እኛ በ3 ሂወት ስንሞት እሱ በዚያችው አንድ ዙር መጨረሻ ድረስ ይደርስ ነበር፣ ሲያይ ውሎ ሁሉን ሸምድዶት። አሁን ጎሚስታ ቤት ከፍቶ ከሆነ አይገርመኝም።


ራዲዮ ጠጋኝ (አዳማ) — እሑድ ጠዋት 1፡15

ልጆቼ፣ መንፋቱን ተዉት።

ትንፋሽ እርጥብ ነው። የካሴቷ ጥርስ መዳብ ነው፤ ከላዩ በስሱ ይቀባል። በርካሾቹ ላይ ቅቡ በጣም ስስ ነው። እርጥበት ሲነካካው ውሎ አድሮ አረንጓዴ ያወጣል። «ታዲያ ስንነፋት ለምን ትነሳ ነበር?» ትሉኛላችሁ። ያስነሳት ትንፋሻችሁ አይደለም። አውጥታችሁ መልሳችሁ ማስገባታችሁ ነው። ጥርሱ መክተቻው ውስጥ ካሉት ስፕሪንጎች ጋር ሲፋቅ ቆሻሻው ይለቃል፣ ወይም አቀማመጡ ይስተካከላል። ሳትነፉ ሁለቴ ብታወጡ ብታስገቡም ትነሳ ነበር።

አሁን የምትሠሩትን ልንገራችሁ። ካሴቷን ክፈቱ። ቢጫዎቹ ብዙ ጊዜ ብሎን የላቸውም፣ ፕላስቲኩ እርስ በርሱ የተቆላለፈ ነው። በቀጭን ጠፍጣፋ ካቻቪቴ ከጎን ቀስ። አይሶፕሮፒል አልኮል፣ 90 በመቶና ከዚያ በላይ፣ ካገኛችሁ። የጆሮ ጥጥ ነክራችሁ ከላይ ወደ ታች ጥረጉ። ወደ ጎን አይደለም፤ ወደ ጎን ስትጠርጉ የአንዱን ጥርስ ቆሻሻ ወደ ጎረቤቱ ነው የምትወስዱት። ጥጡ ጥቁር ይሆናል፣ ቀይሩት፣ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድገሙ። የዛገ ካለ ለስላሳ ነጭ ላጲስ፣ ሁለት ሦስቴ ብቻ። ብርጭቆ ወረቀት ያነሳ ሰው ከእኔ ጋር ተጣላ። ቲነርም ፕላስቲኩን ይበላዋል።


የፍራንኮ ልጅ — እሑድ ቀን 6፡20

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። 90 በመቶ የሚባል ፋርማሲ አጣሁ። ያለው 70 ነው። ይሆናል ይላሉ?


ኮንትራ በ30 ሂወት — እሑድ ቀን 6፡24

ዳግም አረቄ ሞክርበት።


ራዲዮ ጠጋኝ — እሑድ ቀን 7፡02

70ው ይሠራል። ቀሪው ውሃ ስለሆነ በደንብ አድርቀው፣ ግማሽ ቀን ተወው። ለእጅ ተብሎ የተሠራውን ግን አትውሰድ። እሱ ውስጥ ግሊሰሪን ይገባበታል፣ ጥርሱ ላይ ቅባት ይተዋል። ለመርፌ መጥረጊያ የሚሸጠውን ግዛ።

አረቄውን ለእንግዳ አስቀምጡት።


የፍራንኮ ልጅ — እሑድ ማታ 1፡30

ጠረግኩ። 14 የጆሮ ጥጥ ፈጀሁ፣ የመጀመሪያዎቹ እንደ ከሰል ናቸው። ከ11ዱ 8ቱ አሁን ቀጥ ብለው ይነሳሉ። ትናንት 5 ብቻ ነበሩ። ጋሼ እጅዎ ይባረክ!

ቢጫዋ ግን ጥርሷ እንደ አዲስ ቀለበት እያበራ ያው ናት። ሜኑ፣ ሙዚቃ፣ ጥቁር። የቀሩት ሁለቱም ባለ ብዙ ጌም ናቸው። አንዷ ሜኑም አታመጣም።


ሐይቅ ዳር (ሐዋሳ) — እሑድ ማታ 2፡15

ችግሩ ጥርሷ አይደለም። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ካሴት ስታስገባ ወዲያው ይነሳል ወይስ መጀመሪያ ጥቂት ሰከንድ «በማንበብ ላይ» ምናምን ይላል?


የፍራንኮ ልጅ — እሑድ ማታ 2፡19

ይላል። እንዲያውም ቆይ፣ ቆይ ነው የሚለው። ፋይል የሚያወርድ ነው የሚመስለው።


ሐይቅ ዳር — እሑድ ማታ 2፡58

እንግዲያው ማሽንህ ካሴቱን አያጫውትም። ይገለብጠዋል።

ፎቶ ኮፒ ቤት አስበው። መጽሐፉን ትሰጣለህ፣ ኮፒ ያደርገዋል፣ ከዚያ የሚያነበው ኮፒውን ነው። ካሴቷ ውስጥ ያለውን ሁሉ ወደ ራሱ ሜሞሪ ይገለብጣል፣ ከዚያ በኢሙሌተር፣ ማለትም የድሮውን ማሽን አስመስሎ በሚሠራ ፕሮግራም፣ ያጫውታል። ውስጡ ያለው ከስልክ ብዙም የማይለይ ኮምፒውተር ነው። በ2014 የወጣው ሬትሮን 5 ለምሳሌ የሚሠራው በአንድሮይድ ነው። መጥፎ ነገር አይደለም። ምስሉ ጥርት ይላል፣ በመሐል ማቆም፣ ከቆምክበት መቀጠል ትችላለህ።

ግን ለመገልበጥ ካሴቷ ውስጥ ያለውን አሠራር ማወቅ አለበት። እዚህ ላይ ነው ጉዱ።

የፋሚኮም አንጎል በአንድ ጊዜ የሚያየው 32 ኪሎባይት የካሴት ፕሮግራም ብቻ ነው። የመጀመሪያው ሱፐር ማሪዮ እዚያው ውስጥ ያልቃል፤ 32 ለፕሮግራሙ፣ 8 ለሥዕሉ፣ በጠቅላላው 40 ኪሎባይት። በቴሌግራም የምትልከው ፎቶ ከዚያ ይበልጣል። ማሪዮ 3 ግን 384 ኪሎባይት ነው። በዚያች ጠባብ መስኮት እንዴት ያልፋል? ካሴቷ ውስጥ ገጽ የሚገልጥ ቺፕ አለ። ማፐር ይሉታል። ማሽኑ «ቀጣዩን» ሲል ቺፑ ሌላ ገጽ መስኮቱ ላይ ያመጣለታል። የማሪዮ 3 ቺፕ ኤምኤምሲ3 ይባላል፣ ብዙ ጌሞች ላይ ስላለ የማያውቀው ማሽን የለም። ለዚህ ነው በአንዴ የተነሳችልህ።

ቢጫዋን የሠሩት ግን ኒንቴንዶን አላስፈቀዱም። እያንዳንዱ ፋብሪካ ገጹን የሚገልጠው በገዛ መላው ነው። ማሽንህ የመጀመሪያውን ገጽ ገለበጠ፣ እሱ ሜኑው ነው። ሁለተኛው እንዴት እንደሚገለጥ አያውቅም። ኮንትራን ስትመርጥ የሌለ ገጽ ነው የጠየቅከው።

ቢጫዋ ጤነኛ ናት። አልተግባቡም እንጂ።


ጋሪ ነጂው — እሑድ ማታ 3፡10

ወንድሜ ሐይቅ ዳር፣ ይኼን ያህል የሚያውቅ ሰው ሐዋሳ ምን ይሠራል 😄


ሐይቅ ዳር — እሑድ ማታ 3፡14

እህትህ ነኝ። ዓሣ እየበላሁ ቁጭ ብያለሁ።


ጋሪ ነጂው — እሑድ ማታ 3፡15

ይቅርታ እህቴ። ከነአጥንቱ አትብዪው።


የፍራንኮ ልጅ — እሑድ ማታ 3፡22

እና መላ የላትም?


ሐይቅ ዳር — እሑድ ማታ 3፡40

አላት። ያውም በርካሽ።

ውዱ ማሽን ያቃተውን ርካሹ ያነብልሃል። እነዚያ ገበያ ላይ በየጊዜው የሚመጡት ላስቲክ የመሰሉ ቲቪ ጌሞች ውስጣቸው ኢሙሌተር የለም። ሙሉው ፋሚኮም አንድ ቺፕ ውስጥ ተጨምቆ ነው ያለው። ስትከፍተው ቦርዱ ላይ ጥቁር ሙጫ የመሰለ ጠብታ ታያለህ፣ ቺፑ እሱ ሥር ነው። ካሴቱን አይገለብጥም። ጥርሱ ከቺፑ ጋር በቀጥታ ይገናኛል፣ ገጹን የሚገልጠው ራሷ ካሴቷ ናት። የማን መላ እንደሆነ ማሽኑን አያገባውም።

ድምፁ ትንሽ ይነፋነፋል፣ ቀለሙም ያፈነግጣል። ግን ቢጫዋን ያነሳታል። ሲጀመር የተሠራችው ለእሱ ነው። ስትገዛ ግን መክተቻው ባለ 60 ጥርስ መሆኑን እይ። የእኛ ካሴቶች ፋሚኮም ናቸው፣ 60 ናቸው። የፋሚኮም የአሜሪካና የአውሮፓ አቻው፣ ዋናው ኤንኢኤስ፣ 72 ነው፣ ሰፋ ይላል፣ ያለ አስማሚ አይገባም። ደግሞ አንዳንዶቹ ውስጣቸው ጌም ተሞልቶ የሚመጡ ናቸው፣ መክተቻ ጭራሽ የላቸውም። ሳጥኑ ላይ ባለው ሥዕል አትታለል።


ስልክ ይበቃል — እሑድ ማታ 4፡05

ይቅርታ አድርጉልኝና ይኼ ሁሉ ድካም ለምን? ማሽኑ ራሱ ኢሙሌተር ከሆነ ስልኬ ላይም ኢሙሌተር አለ። ነፃ ነው። ጥጥ አይፈልግ፣ አልኮል አይፈልግ። ልዩነቱን የሚነግረኝ ካለ እጄን አነሳለሁ።


ሐይቅ ዳር — እሑድ ማታ 4፡18

በአሠራር ካልከኝ ግማሽ ልክ ነህ። የሚገለብጠው ማሽንና ስልክህ ወንድማማቾች ናቸው። ልዩነቱ የምትጫወተው ከራስህ ካሴት መሆኑ ነው። ከኢንተርኔት የሚወርደው ጌም ባለቤት አለው፣ ኒንቴንዶም በዚህ ጉዳይ ፍርድ ቤት ከመሄድ አይሰንፍም።


ስልክ ይበቃል — እሑድ ማታ 4፡20

ቢጫዋስ? እሷ ራሷ የተሰረቀች ናት እኮ!!


ኮንትራ በ30 ሂወት — እሑድ ማታ 4፡21

😂😂 ዳኛው ተያዙ


ሐይቅ ዳር — እሑድ ማታ 4፡25

ተሸነፍኩ።


ጋሪ ነጂው — እሑድ ማታ 4፡50

እኔ ልንገርህ ስልክ ይበቃል። ኮንትራን ስልክ ላይ ሞክሬዋለሁ። አውራ ጣቴ ስክሪኑን ይሸፍነዋል፣ ስዘል የምዘልበትን አላየውም። እሺ እሱ ይቅር። ጓደኛዬ የት ይቀመጣል? ኮንትራ እኮ አንዱ ወደ ላይ ሲቸኩል ሌላኛው ከታች ቀርቶ የሚሞትበትና «አንተ ነህ የገደልከኝ» ተብሎ የሚሰዳደቡበት ጌም ነው። ሂወትህ ሲያልቅ ደግሞ የጓደኛህን ትወስዳለህ። እኔና ወንድሜ በዚህ ተጣልተን ሁለት ቀን አልተነጋገርንም። ያንን ስልኩ አይሰጠኝም።


ሴጋ ብቻ — ሰኞ ጠዋት 3፡30

ሴጋን የሚያነሳ አንድ ሰው ይጥፋ? እንግዲህ እኔው ላንሳው።

መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ በራሴ ላይ ከደረሰ። አክስቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ዋናውን ኤንኢኤስ ከነአዳፕተሩ አምጥታልኝ ነበር። አዳፕተሩ የጡብ ስባሪ የሚያክል፣ ከባድ ነገር ነው። ስፒናውን ለማስገባት ማስማሚያ ፈልጌ፣ ዲቫይደር ላይ ሰካሁ። ስፒናው ከገባ ሁሉም ገባ ብዬ ነዋ። ለትንሽ ጊዜ ዝም። ከዚያ ሽታ። የተቃጠለ ቆዳ የመሰለ ሽታ። እናቴ ከማድ ቤት «ምን ጣልክ እሳት ላይ?» እያለች መጣች። አዳፕተሩ ለ120 ቮልት ነው የተሠራው፣ የኛ 220 ነው። ጀርባው ላይ ተጽፏል። አላነበብኩም።

እና ወንድማችሁ ከውጭ ሲልክላችሁ መጀመሪያ የአዳፕተሩን ጀርባ አንብቡ። «100–240» የሚል ከሆነ ሰላም ናችሁ፣ አዲሶቹ አብዛኞቹ እንደዚያ ናቸው። «120» ብቻ የሚል ከሆነ ከሶኬት አርቁት።


ራዲዮ ጠጋኝ — ሰኞ ጠዋት 4፡10

ማሽኑስ ተረፈ?


ሴጋ ብቻ — ሰኞ ጠዋት 4፡16

አላውቅም ጋሼ። ፈርቼ ሰቅዬዋለሁ፣ ይኸው 3 ዓመቱ።


ራዲዮ ጠጋኝ — ሰኞ ጠዋት 4፡31

የሄደው አዳፕተሩ ብቻ ሊሆን ይችላል። የዚያ ማሽን ዋና አዳፕተር የሚያወጣው 9 ቮልት ኤሲ ነው። ማሽኑ ውስጥ ግን ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚቀይሩ ዳዮዶች አሉ፣ ስለዚህ በ9 ቮልት ዲሲም ይነሳል። 1 አምፔር የሚሰጥ ከሆነ ይበቃዋል። ሶኬቱ የሚገጥም ፈልግና ሞክር። ሦስት ዓመት መስቀል አይገባውም ነበር።

ይኼ ለኤንኢኤስ ብቻ ነው። ለሌላው ማሽን እንዲህ ብላችሁ እንዳትሰኩ። ፕላስና ማይነሱ ከተገለበጠ ሌላ ሽታ ነው የሚመጣው።


ሴጋ ብቻ — ሰኞ ማታ 1፡45

ተነሳ!!!!! ቀይ መብራቱ በራ። ጋሼ ቡና አለብኝ።

ወደ ሴጋ ልመለስ። ብር ያለው ሰው ካለ፣ ሦስተኛ ዓይነት ማሽን አለ። አናሎግ የሚባል ድርጅት በ2018 ሱፐር ኤንቲን ለሱፐር ኒንቴንዶ፣ በ2019 ሜጋ ኤስጂን ለሴጋ አወጣ። እነዚህ አይገለብጡም፣ ኢሙሌተርም አይደሉም። ኤፍፒጂኤ የሚሉት ቺፕ አላቸው። ባዶ ቺፕ ነው፣ የድሮውን ማሽን የውስጥ አሠራር እንደ አዲስ ትስልበታለህ፣ ከዚያ ራሱን እንደዚያ ማሽን ይቆጥራል። ካሴቱን በቀጥታ ነው የሚያናግረው። ጥራቱ ሌላ ነው። ግን አንዱ ማሽን ለአንድ ቤተሰብ ነው፣ ዋጋውም ከነማጓጓዣው ለሠርግ የሚሆን ነው።


የፍራንኮ ልጅ — ሰኞ ማታ 2፡30

አንድ የሚያሳፍር ጥያቄ አለኝ። ማሪዮ 3 ፈጥኖብኛል። ሙዚቃውም ይሮጣል። ወንድሜ «አርጅተን ነው» ይላል። እውነት ነው?


ሐይቅ ዳር — ሰኞ ማታ 2፡47

አላረጃችሁም። ልጅ እያላችሁ ነበር ቀስ ይል የነበረው።

የጃፓንና የአሜሪካ ቴሌቪዥን በሰከንድ 60 ጊዜ ነው ምስል የሚያድሰው። ጌሞቹ የተጻፉት በዚያ ልክ ነው። እኛ ጋ ይመጡ የነበሩት ማሽኖች ለፓል ቴሌቪዥን የተሠሩ ናቸው፣ 50 ጊዜ። ጌሙ እርምጃውን የሚቆጥረው በምስል ስለሆነ ከ6ቱ እርምጃ 5ቱን ብቻ ይራመዳል። ሙዚቃውም አብሮ ይጎተታል። ዕድሜያችንን ሙሉ የሰማነው የማሪዮ ዜማ የተጎተተው ነው። አዲሱ ማሽንህ በ60 ያጫውተዋል።

እኔ መጀመሪያ ስሰማው ማሽኑ የተበላሸ መስሎኝ መልሼ ልወስደው ነበር። አሁንም ቢሆን የተጎተተው ነው የሚጥመኝ።


ኮንትራ በ30 ሂወት — ሰኞ ማታ 2፡55

ለካ ቀርፋፋውን ነበር የምናሸንፈው። ክብሬ ተነካ።


ጋሪ ነጂው — ሰኞ ማታ 3፡20

ፍላት ስክሪን ላይ ደግሞ ማሪዮ ይወፍራል። ምስሉን ከ16 በ9 ወደ 4 በ3 መልሱት፣ ይከሳል። ስትዘሉ ከዘገየባችሁ የቲቪውን ሴቲንግ ገብታችሁ ጌም ሞድ አብሩ። ቲቪው ምስሉን አሳምራለሁ ሲል ነው የሚያዘገየው። እኔ ይኼን ሳላውቅ ሁለት ሳምንት ጉድጓድ ስገባ ከረምኩ።


ዝምተኛው — ማክሰኞ ጠዋት 5፡00

ሁልጊዜ አነባለሁ፣ ዛሬ ልጠይቅ። የሱፐር ኒንቴንዶ ካሴት አለኝ፣ ጌሙን ሴቭ ያደርግ ነበር። አሁን በከፈትኩት ቁጥር ከዜሮ ይጀምራል።


ራዲዮ ጠጋኝ — ማክሰኞ ጠዋት 5፡40

ውስጡ ባትሪ አለ። ሲአር2032፣ 3 ቮልት፣ የኮምፒውተር ማዘርቦርድ ላይ ያለው ክብ ባትሪ። አልቋል። እግሩ ላይ በብየዳ የተያዘ ነውና እግር ያለውን ግዛ። እግር የሌለውን ባትሪ በካውያ ለመበየድ የሚሞክሩ አሉ፤ ሙቀት ሲበዛበት ይፈነዳል፣ ዓይንህን አደራ። የፕላስና የማይነስ አቅጣጫውን ከመፍታትህ በፊት ፎቶ አንሳው።


የፍራንኮ ልጅ — ቅዳሜ ማታ 1፡10

ሳምንት ጠፋሁ፣ ወሬ ይዤ መጣሁ።

ዛሬ ከሰዓት ቢጫዋን፣ ወንድሜንና ልጁን ይዤ ጋሼ ራዲዮ ጠጋኝ ሱቅ ሄድኩ። በመልእክት ቦታውን ነግረውኝ ነው። (ፎቶ አንሥቼ ልለጥፍ ስል «ሱቁን ሳልጠርግ?» አሉኝ፣ ተውኩት።) መደርደሪያ ሥር ባለ አንድ ቺፑ ማሽን ነበራቸው፣ አንድ ሰው ለጥገና ሰጥቷቸው ሳይመለስ የቀረ። ቴሌቪዥኑ ደግሞ ያ ባለ ሆዱ፣ ጀርባው እንደ ሞሰብ የወጣው።

ጋሼ ቢጫዋን ተቀበሉኝ። አልነፉም። ጥርሷን ወደ ብርሃን አዙረው አዩና «ጥሩ ጠርገሃል» አሉ። እንደ ማትሪክ ውጤት ነው ደስ ያለኝ። አስገቧት። ሜኑ። ኮንትራ። ያው ጥቁር መጣና ልቤ ስንጥቅ ሊል ሲል ሁለቱ ሰውዬዎች ከላይ ወደቁ!!

ወንድሜ ወዲያው ጆይስቲኩን ነጠቀኝና መልሶ አጠፋው። «ኮዱን ሳንመታ?» ላይ ላይ፣ ታች ታች፣ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ፣ ቢ፣ ኤ። 20 ዓመት ውጭ ኖሯል፣ የባንክ ፒኑን ይረሳል፣ ይኼን ግን ጣቱ አልረሳም። 30 ሂወት።

ልጁ በበኩሉ 9999999 ጌም መኖሩን ማጣራት አለብኝ ብሎ ሜኑውን ወደ ታች መቁጠር ጀመረ። 26ኛው ላይ ቆመ። ከዚያ በኋላ ያው ማሪዮ ሌላ ስም ለብሶ ይመጣል፣ ያው ኮንትራ ከሌላ ስቴጅ ይጀምራል። «አባዬ፣ ዋሽተዋችኋል» አለ። እኛ ይኼን በልጅነታችን አውቀን አናውቅም። ወይም አውቀን ዝም ብለን ነው።

ሽጉጡንም ወስጄው ነበር። ዳክዬዎቹን በ8 ጥይት 6 መታሁ!


ኮንትራ በ30 ሂወት — ቅዳሜ ማታ 1፡18

ሽጉጡ ሠራ??? እኔ ፍላት ስክሪን ላይ ሙሉ ቀን ተኩሼ አንድ ላባ አልነቀልኩም።


ራዲዮ ጠጋኝ — ቅዳሜ ማታ 1፡55

አይነቅልም። ሽጉጡ ጥይት የለውም፣ ዓይን ነው ያለው። ቃታውን ስትስብ ስክሪኑ ለቅጽበት ጥቁር ይሆናል፣ ዳክዬው ባለበት ቦታ ብቻ ነጭ አራት ማዕዘን ይመጣል። የሽጉጡ ዓይን በዚያች ቅጽበት ብርሃን ካየ «ተመታ» ይላል። ባለ ሆዱ ቴሌቪዥን ነጩን በሰዓቱ ያወጣዋል። ፍላቱ ምስሉን ሲያዘጋጅ ይዘገያል፣ ብርሃኑም እንደ ድሮው አይርገበገብም። ሽጉጡ አይቶ አይቶ ተስፋ ሲቆርጥ ነው ነጩ የሚመጣው።

ባለ ሆድ ቴሌቪዥን ያላችሁ ለቆራሌው አትስጡ።


ስልክ ይበቃል — ቅዳሜ ማታ 2፡20

ጋሼ፣ ሱቅዎ የት ነው? እኔም አዳማ ነኝ። አንድ ቀን ለማየት ብቻ።


ጋሪ ነጂው — ቅዳሜ ማታ 2፡22

ለማየት ብቻ ይላል 😄


የፍራንኮ ልጅ — ቅዳሜ ማታ 2፡40

ማሽኑን ጋሼ ሸጡልኝ፣ ያውም በማይታመን ዋጋ። ስለዚህ አሁን ሁለት አለኝ። ነጠላ ካሴቶቹ በአዲሱ፣ ቢጫዎቹ በአሮጌው። የቀረኝ ሁለተኛ ጆይስቲክ ነው። አይጥ የበላው ገመዱ አይቀጠልም፣ ተሰባብሯል። ያለው ሰው ካለ እገዛለሁ። የእኔ ማሽን ባለ 9 ቀዳዳ ነው።


ሐይቅ ዳር — ቅዳሜ ማታ 2፡51

እኔ ጋ ትርፍ አለ፣ ግን ባለ 15 ነው፣ አይገጥምልህም። ሐሙስ ለሥራ አዳማ እመጣለሁ፣ የሚገጥም ቢሆን ይዤልህ እመጣ ነበር።


ራዲዮ ጠጋኝ — ቅዳሜ ማታ 3፡04

ልጄ፣ ይዘሽው ነይ። ጫፉ ነው እንጂ የሚለየው፣ ገመዱ ውስጥ ያው 5 ሽቦ ነው። አይጡ ከበላው ላይ ጫፉን ቆርጬ እቀጥልላችኋለሁ። ሴጋ ብቻም ያን ቀን ይምጣ፣ ቡና አለብኝ ብሏል።